«ሽቶ» የሚነዳው መኪና

ሰፈሩ «ሽቶ» ነው የሚለው። ሥራ ሲሄድም ሲመለስም ሽቶ እንደ ጉድ ስለሚያርከፈክፍ ባለ ሱቁ ሳይቀር «ሙሽራው መጣ» እያለ ያሾፍበታል። ምን ያድርግ ታዲያ? የሚነዳው የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ነው። ሥራ ቦታ ሲደርስ ፊቱን በጨርቅ ይሸፍናል፣ ቱቦውን ጉድጓድ ውስጥ ይሰዳል፣ ጨርሶ እስኪሄድ ድረስ መሬት መሬት ያያል። በር የከፈተለትን ሰው ፊት አይቶ አያውቅም። ምን እንደሚነዳ ጎረቤት ሲጠይቀው «ከባድ መኪና» ብሎ ያልፋል።

የአምስት ዓመት ልጁ ግን ያንን መኪና ስታይ በደስታ ነፍሷን አታውቅም።

የምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት በየሳምንቱ አንድ ወላጅ እየጠራ ስለ ሥራው ለልጆቹ እንዲያወራ ያደርጋል። አስተማሪዋ «ቤተሰብ ካላገዘን እኛ ብቻችንን የትም አንደርስም» ትላለች። ሰውዬው ሲሸሽ ሲሸሽ ከርሞ፣ ልጁ ነዝንዛ ነዝንዛ መውጫ ስታሳጣው፣ የወንድሙን ኮት ተውሶ ሽቶውን ነስንሶ ሄደ።

ሚጢጢ ወንበር ላይ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። ከኋላ ሌሎች ወላጆች ቆመዋል፤ አንዷ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ የሰማችውን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

«እኔ… ውሃ ነው የማመላልሰው» አለ። «ንጹሕ ውሃ፣ በትልቅ ቦቴ።»

ጥርሱ የወለቀ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ ወደ ሰውዬው ልጅ ጠቆመ። «ቲቸር፣ እሷ ግን የአባቴ መኪና ሽንት ቤት ይመጥጣል ብላን ነበር። ቱቦውን ያስነካችኋል ብላን ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «ውሸታም፣ ውሸታም» እያሉ ጮሁባት። ልጅቷ አባቷን አየችው፤ ከዚያ ኮቱን አየችው።

«አዎ፣ ዋሽቼ ነው» አለች ቀስ ብላ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አስተማሪዋ ልጆቹን ዘፈን አስጀምራ ነገሩን አስረሳች፣ አጨበጨቡለት፣ አለቀ። የልጆቹ ጭብጨባ እንደዚያ ያቃጥላል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ልጅቷ እንደ ወትሮዋ አልለፈለፈችም። መንገድ ላይ «አባዬ፣ ሁለተኛ ለማንም አልናገርም» አለችው። «እሺ?»

እጇን ይዞ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ተመለሰ። አስተማሪዋ ወንበሮቹን እየደራረበች ነበር።

«የኔ እህት፣ ልጄ አልዋሸችም» አላት የገዛ ጫማውን እያየ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። የምነዳው መኪና…»

«አውቃለሁ» አለችው። «ባለፈው ቅዳሜ የእኛን ጉድጓድ የመጠጡት እርስዎ አይደሉ? በሩን የከፈትኩልዎት እኔ ነኝ። ውሃ ላምጣልዎት ብዬም ጠይቄዎታለሁ፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ፊትዎን ቢሸፍኑም፣ ዛሬ ሲገቡ በሽቶዎ አወቅኩዎት።»

ሽቶው ያኔ ገና ለራሱ ሸተተው። ይህቺ ሴት ሁሉን እያወቀች ገመናውን ሸፍናለት ነው እንግዲህ ያስጨበጨበችለት።

«ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ይረባል?» አለችው። «ውሸታም የተባለችው እሷ ናት።»

«ነገ ከነመኪናዬ መጥቼ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ» አለ።

ልጅቷ ኮቱን ጎተት አደረገችው። «አባዬ፣ ቲቸርን እያየሃት ንገራት እንጂ።»

ቀና ሊል ሞከረ። አንገቱ እንቢ አለው።