የአደይ አምለሰት ቀንድ

እኔ ኢንድሪስ ቁጡ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። የሰው ግትርነት ሳይ ደሜ ይፈላል። በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት የፈንጣጣ ከታቢ ሆኜ ከወሎ አስመራ መጣሁና ዓባ ሻውል ተመደብኩ። ሁለት ጥርስ ያላትን መርፌዬን ይዤ በር በር ሳንኳኳ፣ የሰፈሩ እናቶች “ልጆቻችን ተከትበዋል” እያሉ ይመልሱኛል። በማን? በአደይ አምለሰት፣ በአንዲት የሰፈሩ ሴት! እጃቸውን እያገላበጥኩ ሳይ፣ እውነትም አንጓቸው ላይ የምላጭ ጠባሳ አለ። ሠላሳ ምናምን ልጅ፣ አንድ ዓይነት ጠባሳ።

ነገሩ አገሬም ያለ ነው። በፈንጣጣ ከታመመ ሰው ገላ ቅርፊት ይለቀማል፣ በማር ተለውሶ በቀንድ ይቀመጣል፣ የጤነኛው ልጅ አንጓ ተበጥቶ ይቀባል። ልጁ ለጥቂት ቀን ይታመምና ይድናል፤ ከዚያ ወዲያ ፈንጣጣ አይደፍረውም። ካልዳነስ? ይሞታላ! ጎረቤትም ከእሱ ይያዛል። መንግሥት መርፌ አሸክሞ የላከኝ ይህንኑ ለማስቀረት ነው።

ፍረወይኒ የምትባል እናት ሕፃኗን አቅፋ በሯ ላይ ቆመች። “ሐሙስ አደይ አምለሰት ይበጡልኛል፤ ያንተን መርፌ አልፈልግም” አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እፈራለሁ” አለች።

“ምኑን?”

“ትልቋ ልጄ የተበጣች ጊዜ፣ በሰባተኛው ቀን ትኩሳት ሲይዛት ‘ቀይ ጫማዬን አምጡልኝ’ አለች። ቀይ ጫማ ኖሯት አያውቅም። የጎረቤቴም ልጅ እንደዚያው አለ። ወንድ ልጅ እኮ ነው! ሁሉም ይላሉ።”

“ቅዠት ነው! ትኩሳት ያስለፈልፋል!” ብዬ ጮኽኩባት። ግን ቀጥሎ ያለውን ቤት ጠየቅሁ። እንደዚያው። ከዚያም ቀጥሎ ያለውን። እንደዚያው። በመጨረሻ የአገሬ ሰው ቀድሪያ ቤት ገባሁ፤ ከደሴ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። “ወላሂ ኢንድሪስ፣ እኛ ቤት ትግርኛ የሚችል የለም” አለችኝ። “ልጄ ገና አፉን አልፈታም ነበር። በሰባተኛው ቀን ቁጭ ብሎ፣ ጥርት ባለ ትግርኛ ጫማውን ጠየቀኝ። ምን እንዳለ የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣውም።”

ፈራሁ። ብቻ ፍርሃቴን በንዴት መሸፈን ለምጃለሁና በቀጥታ አደይ አምለሰት ዘንድ ሄድኩ። ቀን ነው፣ ፀሐይ አለ፤ መንገዱ ላይ ግን ዝር የሚል ሰው የለም። አደይ አምለሰት ፊታቸውን ፈንጣጣ የበላው፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ባለ አንድ ክፍል የድንጋይ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። አልተቆጡኝም። ሻሂ ቀዱልኝ። አልጋቸው ላይ፣ ትራሱ አጠገብ፣ አፉ በሰም የታሸገ የበሬ ቀንድ እንደ ሕፃን በነጠላ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

“ቀንዱን ይስጡኝ፤ መቃጠል አለበት” አልኳቸው።

“ኣይፋል፣ ወደይ፤ አይሆንም፣ ልጄ። ውስጡ ያለችው ሐረጉ ናት።”

ሐረጉ አንድያ ልጃቸው ነበረች። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በሰባት ዓመቷ፣ ፈንጣጣ ወሰዳት። ቅርፊቱን ከገላዋ የለቀሙት ራሳቸው ናቸው፤ ከልጃቸው የቀራቸው እሱ ብቻ ነው። ልቤ ራራ፣ ግን ሐሙስ ደርሷል። እንዲፈሩልኝ ብዬ፣ “አደይ፣ ይህ ሙት ነገር አይደለም። ውስጡ ያለው በሽታ ዛሬም ሕይወት አለው” አልኳቸው።

ምነው አፌን በቆረጠው! ያቺ አንድ ዓይናቸው በራች። ቀንዱን አንስተው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። “እወ! እኔ ይህን አውቃለሁ፤ ያመነኝ ሰው ግን አልነበረም” አሉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ሐረጉ በሰባተኛው ቀኗ፣ ለፋሲካ የተገዛላትን ቀይ ጫማ አድርጉልኝ ብላ ለመነች። እግሯ ቆስሎ ስለነበር እንዳያማት ፈርተው “ነገ” አሏት። ነገን አላየችም። የመጀመሪያውን የጎረቤት ልጅ የበጡት ሊያድኑት ነበር። በሰባተኛው ቀን ግን ልጁ በሐረጉ ድምፅ ጫማዋን ጠየቀ።

“ከዚያ ወዲህ የምበጣው ልጆቹን ላድን ብቻ አይምሰልህ” አሉኝ። “ድምጿን ልሰማ ነው።”

“የሞተ የለም? ከእነዚህ ሁሉ?”

ቀንዱን ይበልጥ ወደ ደረታቸው አስጠጉት። “አንድ” አሉ።

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ። “እሺ፣ እርስዎ እንዳሉት ይሁን! እሷ ናት እንበል! ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በሰው ልጅ አፍ ሁሉ፣ ጫማዬን ብላ ስትለምንዎ፣ ለምንድን ነው የማይሰጧት?”

በተናገርኩት አፍሬ ልነሳ ስል፣ አደይ አምለሰት ቀድመውኝ ተነሱና ከአልጋው ሥር ሳጥን ጎተቱ። ጫማዎቹ በጋዜጣ ተጠቅልለዋል፤ ሶላቸው መሬት ነክቶ አያውቅም።

ደጃፉ ላይ ፎርኔሎ አውጥተው ከሰል አቀጣጠሉ። ቀንዱን ሊሰጡኝ አልፈለጉም፤ በገዛ እጃቸው እሳቱ ላይ አኖሩት። ማሩ ተንጨረጨረ። ጫማዎቹንም ግራና ቀኝ አስተካክለው ከጎኑ አኖሩ። ቀና ስል መንገዱ በልጆች ተሞልቷል። የጠራቸው የለም። ሠላሳ ምናምኑም አንጓቸውን በሌላ እጃቸው ይዘው ዝም ብለው ያያሉ፤ የቀድሪያ ልጅም እናቱን ጥሎ መጥቷል። ጫማው ዐመድ ሲሆን፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ወደየቤታቸው ተመለሱ። አደይ አምለሰት አምስት ዓመት ያልወጣላቸውን ለቅሶ ያን ጊዜ አለቀሱ፤ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ሐሙስ ዕለት የፍረወይኒን ሕፃን እኔ ከተብኩት።

ከዚያ ወዲያ በአስመራ ስንቱን ልጅ ከተብኩ! እናቶቹን ሁሉ፣ “ሲያተኩሰው ምን ጠየቀ?” እላቸዋለሁ። “ውሃ” ይሉኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ አደይ አምለሰት ታመው ተኙና ልጠይቃቸው ሄድኩ። መክሳታቸው አንጀቴን በላው። እጄን ይዘው፣ “አንተ ከከተብካቸው ውስጥ የጠየቀ አለ?” አሉኝ። እኔ፣ ውሸት የማልወድ ሰው፣ እንዲጽናኑ ብዬ፣ “አለች፤ ሐዝሐዝ ሰፈር አንዲት ልጅ ቀይ ጫማዬን አለች” አልኳቸው።

ሳቁብኝ።

“ትዋሻለህ፣ ወደይ” አሉ። “ጫማዋን አድርጋ ሄዳ የለም እንዴ? አሁን ምን ብላ ትጠይቃለች?”