ጫማ ሰፊው ዝም ያለ ቀን

ጫማ ሰፊው ልጅ ያገኘው ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው። በተጋቡ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ሚስቱ ሴት ልጅ ስትገላገል፣ ከደስታው ብዛት የአንዱን ደንበኛ የግራ ጫማ ለሌላው አስረክቦ ሰፈሩ ለሳምንት ሲስቅበት ከረመ። ልጅቷ ስትወለድ ከክንዱ አትበልጥምና ሚጣ አሏት፤ ሚጣ እንደተባለች ቀረች።

አራት ዓመቷ ላይ አንድ ጠዋት ከአልጋ መውረድ አቃታት። ቀኝ ጉልበቷ ተድቦልቡሎ ያቃጥላል። ወድቃ ይሆናል ብለው ሁለት ቀን ጠበቁ፤ በሦስተኛው ግራ ቁርጭምጭሚቷም አበጠና ሆስፒታል ወሰዷት። የመገጣጠሚያ ብግነት ነው ተባሉ።

«እሱ የሽማግሌ በሽታ አይደል እንዴ?» አለ ጫማ ሰፊው።

«የልጆችም አለ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው በኪኒን ተቆጠረ። ሚጣ ጠዋት ጠዋት እንደ እንጨት ደርቃ ትነሳለች፤ እናቷ በሞቀ ውሃ ጨርቅ እያሸች ታፍታታታለች፤ ከዚያ ወደ ልብስ መተኮሻው ሥራዋ ትሮጣለች። ጉልበቱ ያበጠው እግር ከሌላው በጣት ስፋት ረዘመ። ጫማ ሰፊው የአጭሩን እግር ጫማ ሶል ደራርቦ፣ ጠርዙን ሞርዶ፣ ቀለም ቀብቶ ሰው እንዳያውቅ አድርጎ ሠራላት። የሱ የቆርቆሮ ሱቅ ከሚጣ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ነበርና በዕረፍት ሰዓት ልጁ ስትመጣ አረማመዷን በዓይኑ እየለካ ይቀበላታል።

ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ ቁመቷ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ነው። እጅና እግሯ ቀጥኖ ሆዷ ተነፋ። ትበላለች፤ የበላችው ግን አይረጋላትም። ፊቷ ገረጣ። የጠየቁት ሁሉ «መድኃኒቱ ነው» ስለሚላቸው እነሱም መድኃኒቱ ነው ብለው ተቀመጡ። አዲስ የመጣችው ሐኪም ግን የዕድገቷን ሰንጠረዥ ዓይታ ደም አስመረመረች፤ ቀጥሎም በአፏ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ከአንጀቷ ቅንጣት ቆርጠው መረመሩ።

«ሴሊያክ ይባላል» አለቻቸው። «የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ልጆች ላይ ከሌላው በዛ ብሎ ይታያል። ስንዴና ገብስ ሲገባ ሰውነቷ የራሷን አንጀት ይወጋል። ምግቡም ኪኒኑም በደንብ አይሰርጽላትም።»

«ዳቦ ሰው ሲጎዳ ሰምቼ አላውቅም፣ ዶክተር።»

«እሷን ይጎዳታል። ዳቦ ማቆሙ መገጣጠሚያዋን ያድናል ብዬ አልዋሽዎትም፤ ለሱ ሌላ ሕክምና አለ። አንጀቷ ካልዳነ ግን ልጅቷ አታድግም። ፍርፋሪም ቢሆን አይቻልም። ዕድሜ ልክ።»

እናትየው የሰማችውን ቤቷ ገብታ በሥራ አዋለችው። ዱቄት የነካውን ማሰሮ ሁሉ አወጣች፤ ለሚጣ የብቻዋ ድስትና ማማሰያ ገዛች፤ የገበያ ጤፍ ገብስ አያጣውም ብላ እንጀራም ከለከለቻት፤ ምግቧ ሩዝ፣ ድንች፣ እንቁላል ብቻ ሆነ። እሷና ባሏ ዳቦ ቢያምራቸው ውጭ ይበላሉ እንጂ ደጃፉን አያልፍም። በሁለተኛው ወር የልጅቷ ሆድ ጎደለ። ጉንጯ ላይ ደም ታየ።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሚጣ ሱቁ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ክፍላቸው ውስጥ የአንዷ ልደት ነበርና ኬክ ሲታደል መምህሯ እሷ ዘንድ ሲደርስ ዘሎ አለፋት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

«አባዬ፣ እኔ መቼ ነው እንደ ሰው የምበላው?»

ጫማ ሰፊው ለምሳ የገዛው ዳቦ ከመዶሻው አጠገብ በወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቆረሰና ሰጣት። በላች፤ ጣቷን ላሰች፤ ሳቀች። ያን ቀን ምንም አልሆነችም፤ በማግስቱም አልሆነች። ሐኪም ሲባል አጋኖ ማስፈራራት ልማዱ ነው ብሎ ራሱን አታለለ። በየቀኑ አንድ ቁራሽ፣ ትንሽዬ፣ ለእናቷ ሳይነገር። ሰባት ወር ሙሉ።

ሆዷ ተመልሶ ተነፋ። ቀጥሎም ዳሌዋን ያማት ጀመር፤ ደረጃ መውጣት አቃታት። የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ከመጀመሪያው የማይሻል ሆኖ ተገኘ።

«ከየት ነው የሚገባባት?» አለች ሐኪሟ።

እናትየው ማለች፣ ተገዘተች። ቤት ገብታ ድስቱን ሁሉ እንደገና ፈተገች፤ ስትፈትግ እጇ ደማ። ጥፋቱን ከራሷ ፈልጋ ስላጣችው ሥራዋን ለቀቀችና ልጇን ቁጭ ብላ ትጠብቅ ገባች። ጫማ ሰፊው ሁሉንም ያያል። ዛሬ እነግራታለሁ ይላል፤ ይመሻል፤ ነገ ይላል። ዳቦውን ያን ሳምንት አቁሟል። ማቆሙ ግን መናገር አልሆነለትም።

በቀጣዩ ቀጠሮ ሐኪሟ ሚጣን ዝቅ ብላ ጠየቀቻት።

«የኔ ቆንጆ፣ ማንም አይቆጣሽም። ዳቦ የሚሰጥሽ ሰው አለ?»

ልጅቷ አባቷን ቀና ብላ አየችው። ለአፍታ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከልጆቹ ምሳ ዕቃ እየሰረቅሁ እበላለሁ።»

እናትየው የያዘችውን የመድኃኒት ከረጢት ጣለችው። በዕድሜዋ ጮኻ የማታውቅ ሴት ሐኪሟ ፊት ጮኸች። «እኔ እሞትልሻለሁ፤ አንቺ ትሰርቂያለሽ? ሌባ! ሌባ ነው ያሳደግሁት?» ሚጣ አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ጫማ ሰፊው አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። ወለሉን እያየ ዝም አለ፤ ዝም ብሎም ከሆስፒታሉ ወጣ፤ ዝም ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ።

በማግስቱ እናትየው ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀረቻት። ሚጣ ቀኑን መስኮት ሥር ትውላለች። አባቷ ሲገባ «እንዴት ዋልህ አባዬ» ትለዋለች እንጂ ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ከሁለት ወር በኋላ የዳሌዋን የራጅ ፎቶ ግድግዳው መብራት ላይ ሰቅለው አሳዩአቸው። የአጥንቱ ራስ ተበልቷል። ጠንከር ያለ መርፌ ይጀመራል፣ ብግነቱን ይገታል፤ የተበላውን ግን አይመልስም፤ ዕድገቷን እስክትጨርስ ቀዶ ሕክምናም ቢቆይ ይሻላል አሉ። እስከዚያው ክራንች።

ያኔ ነው ጫማ ሰፊው የተናገረው።

«ልጄ አልሰረቀችም። እኔ ነኝ የሰጠኋት። በየቀኑ።» ወደ ሐኪሟ ዞረ። «ዶክተር፣ ዳሌዋን የበላሁት እኔ ነኝ? እውነቱን ይንገሩኝ።»

ሐኪሟ ፎቶውን ከመብራቱ አወረደች። «ዳቦ ባትበላም ሊመጣባት ይችል ነበር። ኪኒኑ ቢሰርጽላት ኖሮ ደግሞ ምናልባት ቀደም ብለን እናቆመው ነበር። አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

ፍርድ ቢሰጠው ይቀለው ነበር። ሚስቱ አልጮኸችም። ወደ ልጇ ሄዳ ተንበረከከችና ጉልበቷን አቅፋ ቆየች። ባሏን ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዳቦውን ይቅር እልህ ይሆናል። ሌባ ብዬ ስሰድባት ቆመህ ያየኸውን ግን እንዴት አድርጌ ልዋጠው?»

በሳምንቱ ሚጣን ይዛ ሆስፒታሉ አጠገብ ወንድሟ ቤት ገባች። ጫማ ሰፊው እሑድ እሑድ ይሄዳል። ደምስሮቿ መርፌ ለምደዋል፤ ሆዷ ጎድሏል፤ በዓመት ውስጥ ስድስት ሳንቲ ሜትር አድጋለች። በማደጓ ግን የዳሌዋ መጣመም ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። አንድ እሑድ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ እኔ አይደለሁ የጠየቅሁህ? አንተ ምን አጠፋህ?»

ልታጽናናው ነው፤ እሱን ግን ያ ንግግር ጨርሶ ገደለው። ገና አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ዛሬም የሱን ሸክም ትሸከምለታለች። ብርድ ልብሷን ደጋግሞ አስተካከለ፤ እሷም እንዲያ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አውቶቡሱ ሊሄድበት መሆኑን ነገረችው።

«ስትወጣ ቀስ አድርገህ ዝጋው» አለችው። «ገና አሁን ነው ሕመሙ ጋብ ያለላት።»