እግሩን አንፈራጦ የቆመው ፊደል

ባለፈው ሳምንት... ሽሮ ሜዳ በምሠራባት ትንሽ ማተሚያ ቤት ታፔላ እያዘጋጀሁ ሳለ አንድ ሰውዬ ዘው ብሎ ገባ።

«የዘነበችን ታፔላ የምትሠሪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«በይ አሳንሺው!»

እትዬ ዘነበች ጋቢና ነጠላ ነጋዴ ናቸው። ሰውዬው የሟች ባላቸው ወንድም ነው። ባላቸው ካረፉ ጀምሮ በዚሁ ሰውዬ ሱቅ ውስጥ፣ በሱ ስም ሲሸጡ ኖረው፣ ገና አሁን ፊት ለፊቱ የራሳቸውን መክፈታቸው ነው።

ስማቸውን የጻፍኩት ራሴ በሣልኩት ፊደል ነው። ወፍራም ነው። ጫፉ ላይ ጥምዝ ጌጥ አለው፣ ከታች ደግሞ እግሩ ሰፊ ነው... ጫማ ያደረገ ይመስላል። ለደብዳቤ አይሆንም፤ ሲያንስ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ታፔላ ላይ ግን ከአስፋልቱ ማዶ፣ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ታነቡታላችሁ። በተለይ «በ»... እግሯን አንፈራጣ ስትቆም የሚነቀንቃት ያለ አይመስልም።

ሰውዬው ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጠ።

«ይሄማ ይጮሃል! ባሏ የሞተባት ሴት እኮ ናት። የወንድሜን ስም ከላይ በትልቁ፣ የሷን በቀጭን ፊደል ጥግ ላይ አድርጊው።»

አለቃዬ ከወዲያ ሆኖ በዓይኑ «እሺ በይው» አለኝ። የቆየ ደንበኛችን ነዋ። እኔ ግን... በቃ ደሜ ፈላ።

«ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ይምጡና ይንገሩኝ።»

«እንጀራሽን አትፈልጊውም እንዴ?»

ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ መለስኩ።

እሱ እንደወጣ ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። መጡ። የሰውዬውን ቃል ነግሬ ቀጭኑንም ወፍራሙንም አሳየኋቸው። ሁለቱንም አስተያዩ...

«ባሌን እወደው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ጥለቱን የምመርጠው እኔ፣ ብርድ ላይ ቆሜ የምሸጠው እኔ። ይሄ ወፍራሙ... ከዚህ በላይ ያድጋል?»

«ያድጋል።»

«አሳድጊው።»

ቅዳሜ ሰቀልነው። ሰውዬው ከሱቁ ወጥቶ መንገዱ መሀል ቆመ።

«አሁኑኑ አውርጂው! ቤተሰቡን አዋረድሽው!»

ሸማኔው፣ ገዢው፣ ወያላው ሳይቀር ዞሮ አየ። እትዬ ዘነበች ግን መሰላሉን አጥፈው ወደ ውስጥ አስገቡና ተመልሰው በራቸው ላይ ቆሙ።

«ማውረድ ከፈለግክ የራስህን መሰላል አምጣ» አሉት።

አላመጣም። ትንሽ ቆሞ... ቆሞ... ወደ ሱቁ ገባ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ስገባ ሁለት ነጠላ ሻጮች በር ላይ ጠበቁኝ። ሁለቱም በሰው ስም በተከፈተ ሱቅ ውስጥ ነው ዕድሜያቸውን የሸጡት። «የየራሳችንን ሱቅ ልንከፍት ነው፤ በየስማችን ታፔላ ሥሪልን» አሉኝ።

«መጠኑስ ምን ያህል ይሁን?»

ተያዩና ሳቁ።

«ግድግዳው የቻለውን ያህል!»