የሣህሉ «ትንሽ ጠብቂ»

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ኮምፒውተር ከሚሸጡት ሁሉ ሐቀኛው ሣህሉ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ የስልክ ሽፋን ስሸጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አንድም ቀን አሮጌ ዕቃ አዲስ ነው ብሎ ሲሸጥ አላየሁም። ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ሐቀኝነቱ ነው። ይህን የምናገረው ደስ ብሎኝ አይደለም።

አባቱ አቶ ካሣ የምድር ባቡር ጣቢያ ትኬት ሻጭ ነበሩ። ባቡሩ ግማሽ ቀን ዘገየ ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ መንገደኛ ሁልጊዜ ይቆጭ ነበር፤ ባቡሩ ይመጣላ! ሣህሉ ከዚያ ጣቢያ የወረሰው ትዕግሥትን ነው።

በ2010 ዓ.ም. ቱሪያ ሱቁ መጣች። የጎረቤቱ ልጅ ናት፣ ዓይኑ እያየ ያደገች። በሰው ኮምፒውተር የሰርግ ቪዲዮ ታቀናብር ነበር፤ አሁን ያንን ትታ፣ የራሷን ገዝታ በስሟ ልትሠራ ቆርጣለች።

«ትንሽ ጠብቂ» አላት ሣህሉ። «ትልቁ ኩባንያ አዲስ ፕሮሰሰር ሊያወጣ ነው። ዛሬ ብትገዢ በሦስት ወር ያረጅብሻል።»

አመነችው። እሱን ማን አያምንም?

ሦስት ወሩ አለፈ። ኩባንያው ፕሮሰሰሩን፣ ያንን የኮምፒውተር አንጎል፣ የሚሠራው በራሱ ፋብሪካ ነበር፤ አዲሱ አሠራር እንቢ አለው፣ ከሚያወጣው ብዙው ብልሹ ሆነ። ለሚቀጥለው ዓመት አዛወረው። ዓመቱ ሲደርስ ደግሞ አዛወረው። ድሮ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ተፎካካሪው ግን የራሱን በሌላ ፋብሪካ እያሠራ ገበያውን ይቀማው ጀመር። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው አብዲራሺድም የተፎካካሪውን ዕቃ አስመጥቶ ደረደረ።

«አቦ ሣህሉ፣ ልጅቷን ለምን ታስራታለህ?» አለው አንድ ቀን። «ይሄም ይሠራል። ወላሂ ይሠራል።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ ሣህሉ።

እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ። ያኔ አንድ ቃል ተናግሬ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ዛሬም ይቆጨኛል።

ቱሪያ ከአብዲራሺድ መግዛት ትችል ነበር። ግን ሣህሉ እያያት ማዶ ሱቅ መግባት አፈረች። የጥር ሰርግ አለፈ፣ ከረመዳን በፊት የሚደገሰው የሻዕባኑም አለፈ። ሙሽሮቹ ከአብዲራሺድ ኮምፒውተር ወደ ገዛ ሌላ አቀናባሪ ሄዱ፣ ያጠራቀመችውም በኑሮ አለቀ። በሦስተኛው ዓመት በመልካ ጀብዱ በኩል ካለው ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብታ ሱሪ መስፋት ጀመረች።

ከዚያ ፕሮሰሰሩ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ሣህሉ መጀመሪያ ከገቡት ላፕቶፖች አንዱን በስጦታ ሊሰጣት ይዞ፣ እኔን አስከትሎ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ቤቷ ሄድን።

ከፈረቃ ወጥታ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ከፈተችው፣ ነካ ነካ አደረገችው።

«ያምራል» አለች። «አሁን የማንን ሰርግ ልሥራበት?»

«ይመጣሉ። አባቴ እንደሚለው፣ የዘገየ ባቡር …»

«ጋሽ ሣህሉ» አለችው ቀስ ብላ፤ የድሬ ልጅ ናትና ታላቋንም አንተ ነው የምትለው። «አባትህ ጣቢያ የነበረው ባቡር አንድ ነው። ሰዉ የጠበቀው ሌላ ስለሌለ ነው።»

ሣህሉ «በድዬሻለሁ» አላት።

«አልበደልከኝም። ስለምትወደኝ ነው» አለችና ላፕቶፑን ዘግታ መለሰችለት። ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

ዛሬ ሣህሉ እሱ ጋ የሌለ ዕቃ ሲጠየቅ ጠብቅ አይልም። «አብዲራሺድ ጋ አለ፣ ዛሬውኑ ውሰድ» ይላል። ድሮ ከሁላችን ቀድሞ ሱቅ የሚከፍተውም እሱ ነበር። አሁን ግን ቱሪያ የምትሳፈርበት የፓርኩ ሠራተኞች አውቶቡስ በፊታችን ካላለፈ በሩን አይከፍትም።