ቡሬ ላይ ማሲንቆ የሆነው ኪቦርድ

ዛሬ ቡሬ፣ ሰርግ ቤት፣ አያ ሞላ ኪቦርዱን «ተቀበል!» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ዲጂታል ኪቦርድ አምጥቷል። አንዱን የድምፅ ሞገድ በሌላው እያወዛወዘ የፈለጉትን ድምፅ ይሠራል። ቁልፉን ነካ ሲያደርገው ይሾላል፣ ይጎረንናል፣ ደወል ይሆናል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር «የቴክኖሎጂ ሽግግር ማለት ይሄ ነው!» ብለው አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን፤ ለምዶብናል።

ቀጥሎ ማሲንቆ አደረገው። ቁርጥ ማሲንቆ! ዓይናቸው ደከም ያለው አያ ሞላ አዝማሪ የመጣ መሰላቸውና ለሙሽራው ግጥም ሊሰጡ ተነሡ።

«ተቀበል!» ብለው ግጥሙን ሰጡ። ኪቦርዱ የራሱን ቀጠለ።

«ተቀበል እንጂ፣ አንተ!» አሁንም ቀጠለ።

የአጎቴ ልጅ ላብ አጠመቀው። «አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ ድምፅ ያወጣል እንጂ የሰው ቃል አይሰማም።»

አያ ሞላ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ሲለፈልፍ ውሎ የማይሰማ እዚሁ ቀበሌም ነበረን። ምን አዲስ አበባ ድረስ አስኬደህ?»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ጠላው ላይ አቀረቀረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

እናንተ አገርስ የማይሰማ ምን አዲስ ነገር ገባ? የዕቃ ስም ብቻ ጻፉ፣ አደራ። ሊቀመንበሩም ፌስቡክ ጀምረዋል።