ሽማግሌ የተረገጠበት ቀረጻ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር ውስጥ ተጣልተው የሰነበቱ ባልና ሚስት ካሉ፣ አቶ ወርቅአገኘሁ ወይ ገና አልሰሙም፣ ወይ ታመው ተኝተዋል ማለት ነው። ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ከሽምግልና ግን ጡረታ የሚያስወጣ መሥሪያ ቤት የለም። ሠላሳ ዓመት አስታርቀዋል። በእጃቸው ገብቶ ሳይታረቅ የወጣ ጠብ የለም። ይህን ራሳቸው አይናገሩም፤ ሌላ ሰው እስኪናገረው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ይጠብቃሉ እንጂ።

ዘዴያቸው ረቂቅ አልነበረም። አይፈርዱም፣ አይቆጡም፣ ያወራሉ። ከመዝሙረ ዳዊት ይነሱና በአንድ የመንዝ ገበሬና በሰነፍ በሬው ታሪክ ያልፋሉ፤ የአባታቸውን ኑዛዜ ይጠቅሳሉ፤ ተመልሰው ዳዊት ላይ ሲደርሱ የተጣሉት ሰዎች ወገብ ዝሏል፣ ሆዳቸውም ጮኋል። ሦስት ሰዓት ተቀምጦ «እሺ፣ ይቅር ብያለሁ» የማይል ፍጡር እስካሁን አልተገኘም። ፍቅር ያስታረቃቸው ስንት እንደሆኑ አይታወቅም፤ ድካም ያስታረቃቸው ግን ሰፈሩን ሞልተውታል።

ናትናኤል ያገኛቸው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ናትናኤል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ በትርፍ ጊዜው ፊልም የሚሠራ ወጣት ነው። አከራዮቹ ተጣልተው አቶ ወርቅአገኘሁ ሊያስታርቁ መጥተው ነበር፤ እሱ ደግሞ የውኃውን ቁልፍ ሊጠይቅ ብቅ ብሎ በሩ ሥር ቁጭ እንዳለ ሦስት ሰዓት ሞላው። ቁልፉን ረሳው። በማግሥቱ ቤታቸው ሄደ።

«ጋሼ፣ ፊልም ላይ እንዲጫወቱልኝ ነው የመጣሁት።»

«ምን ሆኜ?»

«ሽማግሌ ሆነው።»

«እሱማ ነኝ። ምኑን ነው የምጫወተው?»

ናትናኤል ወንበሩን ሳብ አድርጎ አስረዳቸው። በዘንድሮ ፊልም ሁለት ሰው ተቀምጦ ሲነጋገር ካሜራው እንደ ፌንጣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ይዘላል፤ ተዋናዩ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ያርፋል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ሌላውን ይናገራል። የእሱ ፊልም መጨረሻ ግን አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፣ ያለ አንድ ካት፣ ቀረጻው አንዴም ሳይቆረጥ። ባል፣ ሚስትና ሽማግሌ አንድ ክፍል ውስጥ።

«ሰው ሳይቆረጥ ሲያወራ ጋሼ፣ መጀመሪያ ያጠናው ያልቅበታል። ቀጥሎ ውሸቱ ያልቅበታል። ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ነው የምፈልገው።»

«ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ነው እኮ የምትነግረኝ» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ፤ ደስ ብሏቸዋል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ከጓዳ ሆና፣ «አሥራ አንድ ደቂቃ? እሱ እኮ በዚያ ሰዓት ገና ሰላምታ አልጨረሰም» አለች።

ናትናኤል የጽሑፉን ዘጠኝ ገጽ ሰጣቸው። አሥረኛውን አልሰጣቸውም። ድንጋጤያቸው እውነተኛ እንዲሆን ፈልጎ ነው። በዩኒቨርሲቲ ይህ ትልቅ ብልሃት ይባላል፤ ጠባሴ ግን ስሙ ሌላ ነው።

ቀረጻው አንኮበር ነበር፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ በተከራዩት አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ። ቤቱ ለአንድ ቀን ብቻ ነው የተያዘው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጉሙ ከቆላው ሲወጣ እንኳን ካሜራ ዓይንም አያይ። ወይዘሮ ትርንጎ አብራ ሄደች። ለባሏ ብርዱን ፈርታ እንደሆነ ተናገረች።

ገና ከመኪና እንደወረዱ ጥቁር በርኖስ አለበሷቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አልባሳት ነው ጋሼ። ሽማግሌ እንዲመስሉ።»

«ሽምግልና የምሄደው እኮ በኮት ነው።»

«በኮትማ ሽማግሌ አይመስሉም።»

ሠላሳ ዓመት ሳይመስሉ ሽማግሌ ሆነው እንደኖሩ ያን ዕለት ተረዱ። በርኖሱን ደርበው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ባል የሚሆነው ሀብታሙ ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ስሙ የተጠራ ተዋናይ። ሚስት የምትሆነው ሊያ ደግሞ የደነባ ልጅ፣ የናትናኤል ተማሪ፣ ይህ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው።

የመጀመሪያው ቀረጻ ስምንት ደቂቃ ያህል ሰመረ። ሀብታሙ ተናገረ፣ ሊያ ተናገረች፣ አቶ ወርቅአገኘሁ ከጽሑፉ ትንሽ፣ ከራሳቸው ብዙ ተናገሩ። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ሊያ ነጠላዋን ሰበሰበችና ተነሳች። አሥረኛው ገጽ ላይ ያለው ይህ ነበር፦ ሚስት ሽማግሌ ረግጣ ትወጣለች።

አቶ ወርቅአገኘሁ ካሜራ መኖሩን ረሱ። ዘለው ተነሱ፣ ቆባቸውን አወለቁ፣ በሩ ላይ ቆሙ።

«በእናትሽ ጡት! በጠባሽው! ይኼን ሽበት አልፈሽ አትሄጂም፤ ስለ እግዚአብሔር!»

ሊያ ቆመች። ደነባ ውስጥ ሽማግሌ የረገጠ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከልጅነቷ ስትሰማ ነው ያደገችው፤ አንዱ እህሉ አልበቀለም፣ አንዷ ልጅ አልወጣላትም። ተመልሳ ተቀመጠች፤ አለቀሰችም። ሀብታሙ የሚያደርገው ጠፍቶት ጉልበቷን ሳመ። ቀረጻ ለማየት ደጁ ላይ የተሰበሰቡ የአንኮበር ሴቶች እልል አሉ።

«ካት!» አለ ናትናኤል። አሥራ ሰባት ደቂቃ ሆኖ ነበር።

«እንዴት ነው?» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ፣ ቆባቸውን እየመለሱ።

«ጋሼ፣ አስታረቋቸው እኮ!»

«አዎና።»

«መታረቅ የለባቸውም! ፊልሙ የሚያልቀው እሷ ስትሄድ ነው። እርስዎ አቅቶዎት።»

አቶ ወርቅአገኘሁ መደቡ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። «ናትናኤል፣ ልጄ» አሉ። «ይኼን ፊልም የሰፈሬ ሰው ያየዋል?»

«ያየዋል።»

«እንግዲያው የሰፈሬ ሰው ‹ፊልም ነው› አይልም። ‹ወርቅአገኘሁ ተረገጠ› ነው የሚለው። ነገ የተጣላ ሁሉ ‹ያቺ ረግጣው ሄዳ የለ› ይለኛል። እኔ ከዚህ ስም ሌላ ምን አለኝ? ፋብሪካው አንድ ብርድ ልብስ ሰጥቶ ነው የሸኘኝ።»

«ትወና ነው እኮ ጋሼ።»

«ታዲያ ሽማግሌ የሚሆን ተዋናይ አጥተህ ነው እኔን ያመጣኸኝ?»

ናትናኤል ያመጣቸው ስለማይተውኑ ነበር። ለምኖ፣ አግባብቶ፣ በሩን እንዳይዘጉ ብቻ አስማላቸው።

በሁለተኛው ቀረጻ አልዘጉም። ሊያ ስትነሳ መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩዋት፣ ያን ያህል ብቻ። ሊያ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ዞር አለች፣ ተቀመጠች።

«አሁን ደግሞ አንቺ ምን ሆንሽ?» አለ ናትናኤል።

«እንዲህ እያዩኝ እንዴት እረግጣቸዋለሁ? እርግማኑ እኮ እኔን ነው የሚያገኘኝ፣ አንተን አይደለም!» ወደ አቶ ወርቅአገኘሁ ዞረች። «አባባ፣ እባክዎ አስቀድመው ይፍቱኝ። ከዚያ ልርገጥዎት።»

«ያልበደልሽኝን ምን ብዬ ልፍታሽ?»

ሀብታሙ ሰዓቱን አየ። «እኔ ሁለቴ አልቅሻለሁ» አለ። «ሦስተኛው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም።»

ጉሙ ከታች ጀምሮ የገብሱን ማሳ ሸፍኗል። ለአንድ ቀረጻ ብቻ የሚበቃ ብርሃን ቀርቷል። አቶ ወርቅአገኘሁ ውጭ ግንቡን ተደግፈው ቆሙ። ወይዘሮ ትርንጎ ጋቢዋን አካፈለቻቸው።

«ልጅቷ ምን እንዳለች ሰምተሃታል?» አለቻቸው።

«ሁለቴ ሰምቻት!»

«እስቲ ምን አለች?»

«ስለ በግ… ባሏ በግ ሸጦባት…»

«በጉንማ የአንኮበር ሕፃን ሁሉ ሰምቷል። እሷ ስትናገር እኮ አንተ የምትቀጥለውን እያዘጋጀህ ነው፤ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል። እኔ አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ።» ጋቢውን አስተካከለችላቸው። «አሁን ስትገባ ምንም አታዘጋጅ።»

ገቡ። ካሜራው መቅረጽ ጀመረ።

መጀመሪያ ዝምታው ጥርስ እንደመነቀል ሆነባቸው። ሀብታሙ ሲናገር ሰሙት፤ ያማረ ነገር ነበር፣ ያማረም ብቻ። ከዚያ ሊያ ጀመረች።

«በጉን በመሸጡ አይደለም፤ በግ ይሸጣል። እኔ እቤት ውስጥ ሆኜ እየጎተተው በደጄ ሲያልፍ አየሁት። ‹ልወስደው ነው› ቢለኝ ገመዱን እኔው አቀብለው ነበር። አንገቱን አላዞረም። ይኼ ሦስተኛ እርቄ ነው፣ አባቴ። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር እሱ አንድ ቃል ይናገራል፣ እኔ ይቅር እላለሁ። ከዚያ ተነስቼ ጠላውን የምቀዳው እኔ ነኝ። እናንተ መርቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ የእርቁን ዕቃ የማጥበው እኔ ነኝ።»

ይህ ቃል በሁለቱም ቀረጻ ነበረ። አቶ ወርቅአገኘሁ ግን ገና አሁን ሰሙት። ጠባሴ አንድ ቤት ትዝ አላቸው፤ ሴትዮዋ እንባዋን ሳትጠርግ ብርጭቆ ልታመጣ ስትነሳ። ሌላ ቤት ትዝ አላቸው። ሌላም። በየቤቱ እሳቸው ተቀምጠው «እንዲህ ነው እንጂ!» እያሉ ነበር፤ ብርጭቆውንም ተቀብለዋል። የቤቶቹ ቁጥር በዛባቸው። ካሜራው ፊታቸው ላይ ነበር፣ አልዞረም፤ የሚያሸሽ ካት ስላልነበረ እሳቸውም መሸሻ አልነበራቸውም።

ሊያ ነጠላዋን ሰበሰበችና ተነሳች።

አቶ ወርቅአገኘሁም ተነሱ። ደጁ ላይ ያሉት ሴቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ናትናኤል ዓይኑን ጨፈነ። ሊያ አፏን ከፍታ ቆመች። ሽማግሌው አዩዋት። ከዚያ በርኖሳቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው ከበሩ ዞር አሉላት።

«መንገዱ ጭቃ ነው» አሉ። «ቀስ ብለሽ፣ ልጄ።»

ሄደች። ሀብታሙ ከዚህ በኋላ የሚናገረው ስድስት መስመር ነበረው፤ አንዱም አልመጣለትም። የተከፈተውን በር እያየ ቀረ። ናትናኤል «ካት» ማለት እስኪረሳ ዝም ተባለ፤ ሊያ ብርዱን መቋቋም አቅቷት ከውጭ «ልግባ ወይስ ልሂድ?» እስክትል ድረስ።

ፊልሙ ከአራት ወር በኋላ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ታየ። አንድ መምህር ተነስተው ስለ ረጅም ትዕይንት ኃይል አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ ማንም አልቆረጣቸውም። ሀብታሙ ያ የመጨረሻ ዝምታ ለወራት የተለማመደው የትወና ስልት እንደሆነ ለጋዜጠኛ አስረዳ። አንድ ተማሪ አቶ ወርቅአገኘሁን «ለዚያ ትዕይንት እንዴት ተዘጋጁ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «አልተዘጋጀሁም» አሉ፤ እንደ ትሕትና ተቆጥሮላቸው ተጨበጨበ።

ጠባሴ ግን እንደፈሩት ሆነ። «ወርቅአገኘሁ ተረገጡ» የሚለው ወሬ ከእሳቸው ቀድሞ ቤት ገባ። ጉዳያቸውን ለእሳቸው ሊሰጡ የነበሩ ሁለት ባሎች ሌላ ሽማግሌ ፈለጉ። የዕድር ጓደኞቻቸው ሲያገኟቸው «መንገዱ ጭቃ ነው!» እያሉ ይስቃሉ። ወር ሙሉ የጠራቸው አልነበረም፤ ቤት ዋሉ፣ ወይዘሮ ትርንጎም ገና ያን ጊዜ የሽምግልናን ጥቅም አወቀች።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ በራቸው ተንኳኳ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሠራ፣ ፋሲካ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች፤ የሥራ ካርዷን ከአንገቷ አላወረደችም።

«ከባሌ ጋር ተጣልቼ ነው» አለች ቆማ።

አቶ ወርቅአገኘሁ ስሜታቸው ተነካ። «ልጄ፣ ወሬውን አልሰማሽም እንዴ? እኔ አሁን የተረገጥኩ ሰው ነኝ። ባልሽ እኔን አይቀበልም።»

«እሱ ነው እኮ የላከኝ።»

«እንዴት?»

ፋሲካ ትንሽ አፈረች። «‹ሽማግሌ ካማረሽ ወደዚያ ፊልም ላይ ወደተረገጠው ሂጂ፤ እሱ ምንም አያመጣም› ብሎኝ። ሌላ ሽማግሌ አልፈቀደልኝም።»

ወይዘሮ ትርንጎ ከጓዳ ሳቋ አመለጣት። አቶ ወርቅአገኘሁ ሊቆጡ ፈለጉ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ቶሎ አልታወቃቸውም። ሠላሳ ዓመት በስማቸው በየቤቱ ገብተው ያልሰሙትን ነገር፣ ስማቸው ሲጠፋ ባልየው ራሱ እቤታቸው ድረስ ልኮላቸዋል።

«እርስዎ ካልቻሉ እሄዳለሁ» አለች ፋሲካ።

«አረፍ በይ» አሉ። «መታረቅ ትፈልጊያለሽ?»

«እንጃ። መጀመሪያ የሆነውን ልናገር።»

ተቀመጠችና ጀመረች። አቶ ወርቅአገኘሁ መካከል ላይ ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሰው ገጠሙት። እሷ ገና መጀመሪያው ላይ ነበረች።