ዘግይቶ የሚመጣው ድምፅ

አንዲት የሥራ ባልደረባዬን መሥሪያ ቤት መርፌ እንላታለን፤ ትንሽ ነገር ስለማያመልጣት ነው። ጠረጴዛዋ ከእኔ ጎን ነው። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ደንበኛው ከመቀሱ ይልቅ ለቀልዳቸው ነበር የሚመጣው። የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ድምፃቸውን ከወሰደው ወዲህ ግን የሚናገሩት እኛ በሠራነው ፕሮግራም ነው፤ ታብሌት ላይ ይጽፋሉ፣ እሱ ያነብላቸዋል።

ከአንድ አፕዴት በኋላ ድምፁ መዘግየት ጀመረ። ቀልድ ይጽፋሉ፤ የሚሰማው ወሬው ሌላ ቦታ ከደረሰ በኋላ ነው። ማንም አይስቅም። ውለው አድረው ታብሌቱን መደርደሪያ ላይ አስቀመጡትና ዝም አሉ። መርፌን አንጀቷን የበላት ይሄ ነው።

ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሦስት ክፍሎች ናቸው፤ የጽሑፍ፣ የድምፅና የስክሪን። እያንዳንዱ ኮዱን፣ ከነለውጡና ከነቀኑ፣ በየራሱ ማከማቻ ያኖራል። ሁሉም የየራሱን ጓዳ ፈተሸና «ከእኛ አይደለም» አለ። የድምፅ ክፍል አለቃማ ደረቱን ነፍቶ ነው ያለው።

መርፌ አልተከራከረችም። ሦስቱን ማከማቻዎች አንድ ላይ አመጣችና ለውጦቹን በየቀናቸው እንደ ሹሩባ ጎነጎነቻቸው። ከዚያ መሀል ላይ ያለውን ቀን ትመርጥና ፕሮግራሙን ያኔ እንደነበረ ታስነሣዋለች። ድምፁ ከፈጠነ ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዘገየ ከዚያ በፊት። የቀረውን ደግሞ ለሁለት ትከፍላለች። የከሰዓት ፀሐይ በመጋረጃው ሥር እየገባች ታደነዝዘናለች፤ የፕሮግራሙ ድምፅ ካለፈው ወር፣ ካለፈው ዓመት እየተነሣ ለሙከራ የጻፈችለትን «እንዴት ዋላችሁ» ይላል። በእንቅልፍና በንቃት መሀል ሆኜ ክፍሉ በድሮ ቀኖች የተሞላ መሰለኝ።

በመጨረሻ አንድ ለውጥ ቀረ። የጽሑፍ ክፍል «ጽሑፉ አልቋል» የሚለውን ምልክት ማንም አይጠቀምበትም ብሎ አንሥቶታል። በጉንጉኑ ላይ ከእሱ በፊት ያለው ለውጥ ደግሞ የድምፅ ክፍል የሠራው ነው፤ ያ ምልክት እስኪመጣ ጠብቅ ብሎ ድምፁን አዞታል። ሁለቱም በየቤታቸው ልክ ናቸው። ድምፁ ግን የማይመጣ ነገር ሲጠብቅ ሲጠብቅ፣ ተስፋ ሲቆርጥ ነበር የሚናገረው። ለፕሮግራም ይታዘናል? እኔ አዘንኩለት።

ምልክቱ የተመለሰ ዕለት አብሬያት ቤቷ ሄድኩ። ታብሌቱን አውርዳ አባቷ ጭን ላይ ስታኖረው ፊታቸውን አዞሩ።

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ ሞክረው። ለእኔ ስትል።»

እሳቸው እኔን፣ በተለይ አናቴን፣ ትክ ብለው አዩና ጻፉ።

«ይሄን ፀጉር የቆረጠልህን ሰውዬ ከሰስከው?» አለ ድምፁ፣ ጣታቸው ገና ከስክሪኑ ሳይነሣ።

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቁ። መርፌ እየሳቀች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንባዋን እንዳናይባት ነው። አባቷ ግን ሁለተኛውን መጻፍ ጀምረው ነበር፤ እሱም ስለ እኔ ነው።